ጋሽ ደሳለኝ የገዙት አክሲዮን

ደብረ ብርሃን፣ እኔ ቤት ነው። አንድ ጓደኛዬ ወርቅ ፍለጋ የጀመረ አዲስ ኩባንያ አክሲዮን ሊሸጥልኝ መጥቶ፣ ወርቁ የሚፈለግበትን ቦታ በስልኩ ያሳየኛል። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት ጎረቤቴ ጋሽ ደሳለኝ አብረውን ነበሩና ስልኩን ተቀብለው አተኩረው አዩት። «ይሄ የኛ ወንዝ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እናቴ ወርቅ ታጥብበት ነበር። እኛ ልጆቹ ደግሞ ከማንጎው ዛፍ ላይ እየዘለልን እንዋኝበት ነበር።»

ስልኩን መለሱ። ከዚያ ጓደኛዬን «አክሲዮን የገዛ ሰው ቦታውን ያያል?» ብለው ጠየቁት። «ለጉብኝት ይወስዱ ይሆናል። ግን ወርቁ ገና አልተገኘም፤ ገንዘብዎ ቀልጦ ሊቀር ይችላል» አላቸው። «ቀልጦ ይቅር» አሉና ትንሽ ድርሻ ገዙ። እኔም ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ስንገናኝ ስለ ወርቁ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። «ልጄ፣ ጉብኝቱ መቼ ነው አሉ?» ነው የሚሉኝ።