የደበዘዘው የባቱ ሐይቅ

በዚህ ዕድሜዋ ካሜራ ያዘች ብላችሁ የምትስቁ ሳቁ። ልጄ የገዛችልኝን ትልቁን ዲጂታል ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከአዳማ ባቱ ወረድኩ። እዚያ የምትኖረውን ታናሽ እህቴን አስካለን ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥመን ሰላም ሳትለኝ ስላለፈች ሁለት ወር አኩርፌያት ነበር። ልጄ ናት ታረቁ ብላ ሐይቁ ዳር ያስቀመጠችን።

አትንኪ የተባልኩትን የሌንሱን ማጥሪያ ቀለበት አዙሬ ሐይቁን ፎቶ አነሳሁ። ፀሐዩ ቦግ ብሎ ሳለ ካሜራው ውስጥ ሐይቁ ጭጋግ ሆነ። ወፎቹ ውሃ ላይ የተበተነ ጥጥ መሰሉ፤ ጀልባው ቀልጦ ከሰማዩ ጋር ተቀላቀለ። እንቅልፍና ንቃት መሃል ያለሁ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ።

«እማዬ፣ ደብዝዟል፤ አጥፊው» አለች ልጄ።

አስካለ ካሜራውን ተቀብላ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው። ቀና ብላ ሐይቁን አየች፤ መልሳ ፎቶውን።

«ምኑ ነው የደበዘዘው? ሐይቁም ራሱ እንዲህ ነው እኮ፣ እትዬ።»

ያን ቀን ገበያ ላይ ለካ አላየችኝም።

«ነገ ከእኔ ጋር አዳማ ዓይን ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ» አልኳት በቁጣ። ይቅርታ ማለት አላውቅበትም።