በመስኮት በኩል ያለው ጉንጭ

ሳያስፈቅዱ የሰውን ፊት መለካት ነውር ነው፤ ይመዝገብልኝ። ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ የፊት ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ነው የምትሠራው። አጠገቧ ያለውን የከባድ መኪና ሹፌር ከግንባሩ እስከ አፍንጫው፣ ከአፍንጫው እስከ አገጩ በአውራ ጣቷ ትለካው ጀመር።

«ጋሼ፣ ልኩስ ደህና ነው። ግን ግራ ፊትዎ ከቀኙ በጣም አርጅቷል።»

«እናቴ ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው የወለደቻቸው!» ብሎ ሳቀ።

«በመኪናው መስኮት የሚገባው ፀሐይ ነው። ስንት ዓመት ነዱ?»

«የጅቡቲን መንገድ? ሃያ ሁለት።»

በስልኳ ፎቶ አነሳችውና የቀኙን ግማሽ በጣቷ ሸፍና አሳየችው። ሳቁ ጠፋ።

«ይሄ አባቴ ነው። የሞተ ዕለት ልክ እንዲህ ነበር።»

«አይዞዎት፣ ዶክተሩ ግራውን እንደ ቀኙ ያደርግልዎታል።»

«እስኪ ንገሪኝ፣ ሞት ዕድሜዬን የሚቆጥረው በየትኛው ነው?»

ልጅቷ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እኔ አላስቻለኝም።

«ሳታስፈቅጂው ለክተሽዋል፤ አሁን መልሺለት!»

ዞራ ፊቴን በዓይኗ ለካችው።

«እማማ፣ እኛ ዕድሜ ስንገምት የምናምነው ያረጀውን ጎን ነው።»

በመስኮቱ በኩል ያለውን ጉንጬን በነጠላዬ ሸፈንኩት።