በር ላይ ያለው መስቀያ

ቢሾፍቱ ዳር ባለ አንድ የግል የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ፣ ቅዳሜ ጠዋት፤ ወይዘሮ ትርንጎ የታካሚው የልዑልሰገድ እናት፣ ሲስተር መቅደላዊት ተረኛ ነርስ፤ ከግቢው ውጭ መኪና ክላክስ ያደርጋል።

ትርንጎ፦ ልብሱን አምጪልኝ አልኩሽ እኮ! ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ።

መቅደላዊት፦ ሹራቡን ለብሶታል እማማ። ከላዩ ላይ ልግፈፈው?

ትርንጎ፦ እንግዲያው ከነሹራቡ አምጪው። መኪናው ቆሟል።

መቅደላዊት፦ መቆሙንማ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ወንድምዎ ክላክሱን ትንሽ ቢያሳርፉት ምናለ? ታካሚዎቼ ይረበሻሉ።

ትርንጎ፦ ደምሰው ትዕግሥት የለውም። እኔም የለኝም።

መቅደላዊት፦ እስቲ ይቀመጡ።

ትርንጎ፦ አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ ታሳምኚኛለሽ።

መቅደላዊት፦ ቆመውም ልሞክር እችላለሁ። ለመሆኑ የት ሊወስዱት ነው?

ትርንጎ፦ ጸበል ነዋ፣ ሌላ የት እወስደዋለሁ?

መቅደላዊት፦ እዚህ ከመምጣቱ በፊት ሄዶ ነበር እኮ።

ትርንጎ፦ ሰባት ቀን! ሰባት ቀን ምን አላት? አሁን ደምሰው ወር ሙሉ ይቆያል ብሏል። ቦታም ይዞለታል።

መቅደላዊት፦ ልዑልሰገድስ ምን አለ?

ትርንጎ፦ የታመመ ሰው ይጠየቃል እንዴ?

መቅደላዊት፦ እኛ ጋ ይጠየቃል። መስኮት ይከፈት ይዘጋ ብለን እንኳ እንጠይቃለን።

ትርንጎ፦ ለዚያ ነዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላዳናችሁት!

መቅደላዊት፦ ሲመጣ ውኃ እንኳ በማንኪያ ነበር የምናጠጣው፤ ረሱት? ትናንት ሽሮው ጨው የለውም ብሎ ከወጥ ቤቷ ጋር ሲጨቃጨቅ ዋለ።

ትርንጎ፦ ጨው አለ?

መቅደላዊት፦ ጨው። ሴትዮዋ አኩርፋ ዛሬ የምግብ ዝርዝሩን እሱ ያውጣ ብላለች።

ትርንጎ፦ ቤትም እንደዚሁ ነው። አንድ ጉርሻ ሳይውጥ ጨው አምጡ ይላል… አይ፣ አየሽ? ልታሳምኚኝ ጀመርሽ። በይ ወረቀቱን ስጪኝ። የሚፈረም ወረቀት አለ ተብያለሁ።

መቅደላዊት፦ አለ፣ ይኸው። ታካሚ ሕክምናውን ሳይጨርስ በቤተሰብ ጥያቄ ሲወጣ የሚሞላ ነው። እሱ ሲገባ የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ሲወጣም እርስዎ ካልፈረሙ ማንም አያስወጣውም። ጋሼ ደምሰውም ቢሆኑ።

ትርንጎ፦ እሱ እኮ ነው መኪናውን ያመጣው።

መቅደላዊት፦ መኪናውን ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።

ትርንጎ፦ አፍሽ! ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናት በሕይወት እያለች የአስታማሚ ካርድ ለማን ነው የሚሰጠው?

መቅደላዊት፦ ታካሚው ለመረጠው ሰው።

ትርንጎ፦ እኔ ነኝ የወለድኩት!

መቅደላዊት፦ እሱን ማን ካደ?

ትርንጎ፦ ያ ልጅ ቢጫዋን ካርድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይገባል፣ ይወጣል፤ እኔ ሁለት ቅዳሜ ከበር ተመለስኩ። አላያትም ብሏል ተባልኩ።

መቅደላዊት፦ አላያትም አላለም። ዛሬ አልችልም ነው ያለው። እና ልጁ ስም አለው፤ ሱራፌል ነው።

ትርንጎ፦ ስሙን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ ቤቴ ምሳ በልቷል። በልቶ ሲጨርስ ሳህን ያጥባል። ደምሰው ራሱ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አላየሁም ብሎት ነበር። አሁን ስሙን መስማት አልፈልግም። ሲስተር፣ ነገሩን ነግሯችኋል አይደል?

መቅደላዊት፦ የነገረንን ለሌላ ሰው አናወራም።

ትርንጎ፦ እናቱ ነኝ።

መቅደላዊት፦ ለእናትም አናወራም።

ትርንጎ፦ እንዲያው አዎ ወይ አይደለም በይኝ። ወንድ ልጅ መውደዱን…

መቅደላዊት፦ ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ በሩን ልዝጋው።

ትርንጎ፦ ዝጊው። ይኸው፣ አንቺም ሰው እንዳይሰማ ፈርተሻል።

መቅደላዊት፦ ፈርቻለሁ፤ አልዋሽዎትም። ስለ እሱም፣ ስለ እንጀራዬም። ይህ ወሬ ከዚህ ክፍል ቢወጣ እሱን የሚያስታምሙት እዚህ አይሆንም፤ እስር ቤት ስንቅ እያመላለሱ ነው። ደምሰው ያውቃሉ?

ትርንጎ፦ አያውቅም። ክፉ መንፈስ ነው የያዘው ብዬዋለሁ። ቢያውቅማ በመኪና አይመጣም ነበር።

መቅደላዊት፦ እና ወር ሙሉ ለእሳቸው አስረክበው ሊመጡ ነው?

ትርንጎ፦ ምን ላድርግ ታዲያ! ሌሊት አልተኛም፤ ቀን አልቀመጥም። እንዲሻለው ነው የምፈልገው። እናንተ ከዚያ ነገር ለማዳን ስንት ጊዜ ይፈጅባችኋል?

መቅደላዊት፦ እሱን አናክምም።

ትርንጎ፦ መድኃኒት የለውም?

መቅደላዊት፦ በሽታ አይደለም እማማ። እኛ የምናክመው አለመተኛቱን ነው፣ ጭንቀቱን ነው፣ መኖር መጥላቱን ነው። ማንን እንደሚወድ አልገባንበትም፤ አንገባበትምም።

ትርንጎ፦ አንገትሽ ላይ ማዕተብ አስረሽ እንዲህ ትያለሽ?

መቅደላዊት፦ አስሬ እላለሁ። ጸበልም እሄዳለሁ፣ ለጉልበቴ። እሱም ልሂድ ካለኝ ጃሪካን ተሸክሜ እኔው አደርሰዋለሁ። ታስሮ ግን አይሄድም።

ትርንጎ፦ ማን አሰረው?

መቅደላዊት፦ እሱን እርስዎ ያውቁታል።

ትርንጎ፦ ማን አሰረው ነው የምልሽ! አያምጣውና ሰንሰለት አላስነካሁትም። ያኔ ጸበሉ ቦታ ልሂድ ብሎ ሲያስቸግር ደምሰው ገመድ አወጣ። እኔ ነኝ የከለከልኩት። ገመድ ይቆርጠዋል አልኩ። ነጠላዬን አወረድኩና በነጠላዬ፣ በራሴ እጅ፣ ቀስ አድርጌ ነው ያሰርኩት። ለስላሳ ነው። አላመመውም።

መቅደላዊት፦ እጁ ላይ ምልክት የለም።

ትርንጎ፦ አየሽ!

መቅደላዊት፦ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ይህን እንድነግርዎት እሱ ራሱ ፈቅዷል። እዚህ በገባ በአራተኛው ቀን፣ የጽዳቷ ሴትዮ ብርድ ይዟት ነጠላ ደርባ ክፍሉ ገባች። አልጋ ሥር ገባ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱን ያውቁታል። እጆቹን እንዲህ ገጥሞ፣ እንደ ታሰረ ሰው፣ ይንቀጠቀጣል። ዶክተሩ ለመነው፤ እኔ ለመንኩት፤ አልወጣም አለ። ሱራፌል መጥቶ ከጎኑ ሲሚንቶው ላይ ተኛ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ተያይዘው ወጡ። ካርዱን ያን ቀን ነው የሰጠነው።

ትርንጎ፦ …ነጠላ አይቶ?

መቅደላዊት፦ ከዚያ ወዲህ እዚህ ግቢ ነጠላ ለብሶ የሚገባ የለም። በር ላይ መስቀያ አበጀን። ዘበኛው ለመጣው ሁሉ፣ እዚህ ይስቀሉልኝ ይላል፤ ለምን ሲሉት ደንብ ነው ይላል። የማንንም ገበና አያወጣም።

ትርንጎ፦ ዘበኛው… እኔንም ብሎኛል።

መቅደላዊት፦ አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ ሁለቱንም ቅዳሜ ብሎኛል። የማንን ነጠላ ነው የምታስወልቀው ብዬ ሰደብኩት። ዛሬም ሰድቤው ከነነጠላዬ ነው የገባሁት።

መቅደላዊት፦ ዛሬ ስድቡ ረዘም ብሏል፤ እስከዚህ ተሰምቷል።

ትርንጎ፦ አታስቂኝ፤ ሳቅ የለኝም። እና ያ… ዛሬ አልችልም ያለው?

መቅደላዊት፦ ጠዋት ተነስቶ ይታጠባል፤ ጸጉሩን ያበጥራል። እናቴ ትመጣለች ይላል። ከዚያ በመስኮት ያይዎታል።

ትርንጎ፦ ተይኝ። ተይኝ ሲስተር!

መቅደላዊት፦ አልወቀስኩዎትም፤ የሆነውን ነው የምነግርዎት።

ትርንጎ፦ ገመድ እንዳይጎዳው ብዬ እኮ ነው! እሱን ነጠላ የሕፃንነት ብርድ ልብሱ አድርጌ አሳድጌው… ክፉ እናት ነኝ?

መቅደላዊት፦ አይደሉም። ግን አስረውታል።

ትርንጎ፦ አስሬዋለሁ። እሺ፤ አስሬዋለሁ። ያ ነገር ግን አሁንም አይገባኝም፤ እወቂው። እስክሞት አይገባኝ ይሆናል።

መቅደላዊት፦ እንዲገባዎት አልጠየቀም።

ትርንጎ፦ ምንድነው የጠየቀው?

መቅደላዊት፦ ከቤት የመጣ ሽሮ። ጨው ያለው።

ትርንጎ፦ ምሳ ዕቃው ይኸው ብብቴ ሥር ነው። ለመንገድ ብዬ ነበር የያዝኩት። …ይህ ሰውዬ ደግሞ ክላክሱን አያቆምም! ወጥቼ ምን ልበለው?

መቅደላዊት፦ እሱን እኔ አልነግርዎትም። በእኔ እጅ ያለው ቅጹና እስክሪብቶው ነው። ሁለቱም ፊትዎ ናቸው።

ትርንጎ፦ እስክሪብቶሽን አንሺው።

መቅደላዊት፦ አነሳሁ።

ትርንጎ፦ ወረቀቱንም። ነጠላዬን ያዢ። አይ፣ መስቀያው ላይ አትስቀዪው። ለዘበኛው ስጪውና መኪናው ውስጥ ይጣልልኝ። ደምሰው ይዞት ይሂድ፤ እህትህ እዚሁ ነች በሉት። ዘበኛውንም ስወጣ ይቅርታ እለዋለሁ።

መቅደላዊት፦ ሲመለሱ እኮ ንፋስ ነው፤ ትከሻዎን ይበርድዎታል።

ትርንጎ፦ ይብረደኝ! ያንን ባለ ካርድ ልጅ ጥሪልኝ። ሱራፌልን። እሱ አስቀድሞ ይግባና፣ እናትህ ዛሬ ያለ ነጠላ ነው የመጣችው ይበለው።