የ«ሽ» እግር

በ2003 ዓ.ም. ክረምት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዝናብ ይዞኝ ጋሽ አስመላሽ ሱቅ ገብቼ ተጠለልኩ። የሰፈራችንን ራዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። አጠገባቸው ምህንድስና የተማረችው የጎረቤታቸው ልጅ ጃለኔ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች።

ሁለቱ ተጋግዘው፣ መብራት ሲዋዥቅ ማቀዝቀዣ እንዳይቃጠል የሚከላከል መሣሪያ ነድፈዋል። ንድፉ ያን ቀን ወደ ውጭ አገር ሊላክ፣ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት የመዳብ መስመር ያለበት ሰሌዳ፣ ቦርድ የሚሉት፣ በአርባ ቅጂ ታትሞ ሊመጣ ነው። ጋሽ አስመላሽ በእያንዳንዱ ቦርድ ላይ ስማቸው በመዳብ እንዲጻፍ ፈልገው ፊደሉን በገዛ እጃቸው ንድፉ ውስጥ አስገብተዋል፤ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል። እኔ ስገባ ግን ይከራከሩ ነበር፤ ክርክሩን ያስነሳው ጃለኔ ከመላኩ በፊት የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የመስመሮቹን ርቀት ይመርምር ማለቷ ነው። እሳቸው ግን በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ፣ በመስመሮቹ መካከል የምላጭ ውፍረት ካለ ይበቃል ባይ ናቸው።

«ልጄ፣ የቂርቆስ ሰው ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ ነው የሚኖረው» አሏት። «ምን ሆንን?»

«ጎረቤት ሲጋጭ ሽማግሌ ያስታርቀዋል፣ ጋሼ» አለች። «ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ግን ሽማግሌ አይሰማም። ማለቴ፣ ርቀቱን ካልጠበቅንለት ዘሎ ይሻገራል፤ በቃ፣ የሰው ፍሪጅ አብሮ ይቃጠላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ እርስዎ?»

እኔ አስተማሪ ነኝና ለተማረ ማድላቴ አይቀርም። ለእኔ ሲሉ ይፍቀዱላት ብዬ ለመንኳቸው፤ እያፌዙብን እሺ አሉ።

ጃለኔ አንድ ቁልፍ ስትጫን አንዲት ቀይ ምልክት ብቅ አለች። ቦታውን አጎላችው። «አስመላሽ» ከሚለው ስም የመጨረሻዋ ፊደል፣ «ሽ»፣ እግሯን ዘርግታ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት የሚያልፍበትን ኃይለኛ መስመር ልትረግጥ ትንሽ ነው የቀራት። በሌላው ጎኗ ደግሞ ቀጭኑ የመቆጣጠሪያ መስመር ያልፋል። ኤሌክትሪኩ በስማቸው ላይ ተረማምዶ ሊሻገር ነበር።

ጋሽ አስመላሽ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው አዩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉ መስሎኝ ፈራሁ፤ እሳቸው ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት የሰው ዕቃ ጥፋት ስፈልግ ኖሬ የራሴን በስሜ እግር ላገኘው?» አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ አብሬ ሳቅኩ።

ስሙ ባዶ ወደሆነው ጥግ ተዛወረ፤ ቀይዋም ምልክት ጠፋች። በንድፍ ላይ የታየ ስህተት በአንድ ጣት ይታረማል፤ ታትሞ ከመጣ ግን አርባ ሰው ቤት ይገባል። ይህን ምክር ልጨምርላቸው አስቤ ነበር፤ ቀደሙኝ። ዝናቡ አባርቶ ልወጣ ስል፣ ጃለኔ ንድፉን ልትልክ እጇን ዘረጋች።

«ቆዪ» አሏት ጋሽ አስመላሽ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። «አንዴ ደግመሽ አስመርምሪው። ስሜ እኮ ነው ያለበት።»