ወደ ግራ የዞረ ጥርስ

— ሄሎ... አዎ፣ እኔው ነኝ። መስመሩ ነው እንጂ እኔ አልዘጋሁም... ጋሼ፣ የወንድምዎ ልጅ ስልክ ይዘጋብዎታል? ... እሺ። ከቆሙበት ይቀጥሉ፣ ይቆጡኝ።

— ... ቀለበቱን ገልብጠው ሞከሩት? ቢገለብጡትም ያው ነው፤ ካልሲ አይደለም። ውስጡ ያለው ጥርስ እኮ ጠመዝማዛ ነው። ብሎንን ከየትኛው ጫፍ ቢያዩት የሚዞረው ወደ አንድ በኩል ነው አይደል? ይኼም እንደዚያ ነው። የሚኒባስዎ ማስነሻ፣ የሞተሪኖው ዘንግ ጥርስ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ እኛ የሠራንልዎ ቀለበት ደግሞ ውስጡ ወደ ግራ ተቆርጧል። በምንም አይገባም... በመዶሻ? ... ኧረ ይተዉት፣ ዘንጉን እንዳያበላሹት።

— ... ዛሬም ሚኒባሱን በተሳፋሪ አስገፍተው ነው ያስነሱት? ... ነፍሰ ጡሯም ገፋች? ... አሃ፣ እሷ መሪ ይዛ እርስዎ ገፉ። እንደሱ ይበሉ።

— ... ማን ቆረጠው? እኔ። ... እኔ ነኝ አልኩ እኮ። ማንም ቢቆርጠው ለእርስዎ ምን ይለውጣል?

— ሄሎ? ይሰሙኛል? ቶርኖ ማሽኑ እየሠራ ነው፣ ለዚያ ነው የምጮኸው... አባባ ነዋ። ቱታውን ለብሶ የሰው ቧንቧ እያስተካከለ ነው። ... አይሰማንም። ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የማወራው። ማሽኑ ቢቆምማ ጆሮው የድመት ነው፤ የማሽን ኩሽኔታ ሊበላ ሲል ከሁላችንም ቀድሞ ይሰማል።

— ... ዓይኑ? ... ማን ነገረዎት? ... እማማ። እሷም አውቃለች ማለት ነው።

— ... እሺ። እሱ ነው የቆረጠው። ... ጮክ ልበል? አባባ ነው የቆረጠው አልኩ። የዘንጉ ጥርስ አልታየውም መሰለኝ። እኔን አልጠየቀኝም። ዘንጉን ቀለም ቀባና ወረቀት ላይ አንከባለለው፤ ወረቀት ላይ ጥቁሩ ደምቆ ይታየዋላ። ከዚያ እንደ ወረቀቱ ቆረጠው። ... ማኅተም አይተው የለ? እንደዚያ ነው፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታተማል። ... አያውቅም ነው የሚሉኝ? እኔን ያስተማረኝ እሱ አይደለም እንዴ። ወረቀት ይዋሻል፣ ብረቱን እይ፣ ይለኝ ነበር። ብረቱን ማየት አቃተው እንጂ።

— ... ምን ልበለው ጋሼ? ጠዋት ከእኔ ቀድሞ መጥቶ የሚከፍተው እሱ ነው። ማሽኑን ከልክዬው የት ይዋል? ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ይይ? እሱንም በደንብ አያየውም። ... ይስቁ፣ ይስቁ። እኔስ ለሳቅ አላልኩትም። ደክሞኝ ነው።

— ... አሁን? አዎ፣ ለእኔም ድምፅዎ ጥርት አለ። መጮህ ቀረልን።

— ... እንዲህ እናድርግ። ለእሱ ምንም አይንገሩት። እሁድ ብቻዬን ገብቼ ሌላ ቀለበት እቆርጥልዎታለሁ። ሲያገኙት ብቻ፣ እጅህ ይባረክ፣ ሞተሪኖው ተነሳ ይበሉት። ... የምዋሸው እኔ ነኝ፣ እርስዎ ምን አለብዎት?

— ... የምን ድምፅ? ... በሩ ነው። ንፋስ ይሆናል፤ መቀርቀሪያው ስለላላ ራሱ ይከፈታል።

— ቆይ፣ ልኩን ከወረቀቱ ላንብብልዎት፣ እርስዎም ዘንጉ ላይ ያመሳክሩት። ዘይት ነክቶታል... ጨርቅ የት ሄደ? ይኸው፣ የአባባ ቱታ ተሰቅሏል፣ በእሱ ል...

— አለሁ። አለሁ ጋሼ፣ አልተቋረጠም። ... ልኩማ ልክ ነው። ዝንባሌው፣ ጥልቀቱ፣ የፀጉር ያህል እንኳ አልተዛነፈም። እጁ ምን ሆነና። አቅጣጫው ብቻ ነው።

— ... እሱን ላገናኝዎት? ... አይ፣ ይቅር። ሥራ ላይ ነው።

— ... ማሽኑማ ቆሟል። እየለካ ነው፤ ሲለካ መቋረጥ አይወድም። ... እሺ፣ ሰላም ብለውሃል እለዋለሁ። ... እርስዎ ይዝጉት፣ ኋላ ዘጋህብኝ እንዳይሉኝ።

— ... እሺ። ... እሺ ጋሼ።