ማንም ያልጠራዎት ቤት

ጋሽ ቀስታ፣ እዚህ የሰው ሠራሽ እግር መሥሪያችን የመጡ ዕለት ታካሚ መስለውን ነበር። አዲሱ ጫማዎ ጠቦዎት ያነክሱ ስለነበር ጥበቃው አዝኖ፣ ክንድዎን ደግፎ ወረፋ ላይ አስቀመጠዎት። እርስዎም ይሉኝታ ያዘዎትና ወረፋ ጠበቁ። አለቃችን ሜትሩን ይዞ መጥቶ፣ "የትኛው እግር ነው?" ሲልዎት፣ "ሁለቱም ደህና ናቸው፤ እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት" አሉት። እስከ ዛሬ ይህን ሲያወራ እንባው እስኪፈስ ይስቃል።

ስሙን ያወጡልዎት ታካሚዎቹ ናቸው። አዲስ እግር ገጥመውላቸው ሲያቆሟቸው "ቀስታ፣ ቀስታ" ይሏቸዋል። ምሳ ላይ ሲቀርቡ ግን ቀስታ የሚባል ነገር አያውቁም። ሥራ ላይ የሚዘምሩትን መዝሙርስ? ፊት ለፊትዎ ተቀምጬ ማሰሪያ ቆዳ ስሰፋ ስንት ዓመት ሰማሁት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግጥሙ ይጠፋብዎትና በፉጨት ይጨርሱታል። "ጋሼ፣ እግዚአብሔር ፉጨት ይሰማል?" ብልዎት፣ "ቃሉን እሱ ያውቀዋል፤ እኔ ዜማውን ላስታውሰው ብዬ ነው" አሉኝ።

ባለቤትዎ ካረፉ በኋላ ፉጨቱም ቀረ። የተጠረገ ወለል መልሰው ይጠርጉ ጀመር። ሁላችን ስንወጣ መጥረጊያ እንደያዙ ትተንዎት እንሄዳለን። "ይሂዱ እንጂ ጋሼ" ስልዎት፣ "እስቲ ይቺን ጥግ" ይሉኛል። እኔም ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝና ያቺ ጥግ ምን እንደሆነች ገብታኛለች።

ጡረታው ሲቃረብ ልጅዎ "አባዬ፣ እኛ ጋ ና፤ ከልጆቹ ጋር ትሆናለህ" አለችዎት። አለቃችን በኮንትራት ይቆዩልን አለ። ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ሆነው እንዲያገለግሉ ጠየቀች። አንድ ቀን ሻይ ይዘን ተቀምጠን፣ "እግዚአብሔርን ምልክት ስጠኝ ብዬው ነበር" አሉኝ።

"ታዲያ?"

"በአንድ ጠዋት ልጄ ደወለች፣ አለቃ አስጠራኝ፣ ሽማግሌዎቹም ቤቴ መጡ። ሦስቱም ምልክት ከሆኑ እኔ ምን ላድርግ?"

መጋቢዎ ዘንድ ሄዱ። እሳቸውም ምክር አልሰጡም፤ ጠየቁዎት እንጂ። "ከሦስቱ የትኛውን ስታስብ ነው ልብህ የሚያርፈው?"

"በየትኛውም አያርፍም። ብቻ ከዚያ ቤት ያውጣኝ።"

መጋቢው፣ "እንግዲያው እግዚአብሔርን 'ወዴት ልሂድ' እያልከው አይደለም፤ 'አስመልጠኝ' እያልከው ነው። መጀመሪያ ቤትህ ተቀመጥ፤ እሱም እዚያው አለ" አሉዎት።

ፈቃድ ወስደው ቤት ዋሉ። ከባድ እንደነበር ነግረውኛል። ሬዲዮ እንኳ አልከፈቱም። የባለቤትዎን ቁም ሣጥን ከፍተው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከልብሶቹ መካከል ባለቤትዎ ለእናታቸው ገዝተው ሳያደርሱት የቀሩት የሱፍ ሹራብ ነበር። እናታቸው ሩቅ ከተማ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ከቀብሩ ወዲህ አልተያያችሁም። እርስዎም ሹራቡን ላድርስ ብለው ተነሡ።

አማትዎ በሩን ከፍተው ትኩር ብለው አዩዎት። "ልጄ ስትሞት አንተም አብረሃት የሞትክ መስሎኝ ነበር" አሉ። ኑርልኝ አላሉም፤ ምንም አልለመኑም። ሹራቡን ለብሰው አጠገብዎ ተቀመጡ፤ ስለ ልጃቸው ስታወሩ መሸ።

ከዚያ ደጋግመው ሄዱ። እዚያ ልኑር የሚለውን ሐሳብዎን ለመጋቢው ነገሩ፤ ለልጅዎም ነገሩ፤ ደግሞም ታገሡ። ሐሳብዎ ግን አልተለወጠም። ወደ አማትዎ ከተማ ሊሄዱ ነው ሲሉን፣ "እርግጠኛ ነዎት?" ብዬ ጠየቅሁዎት።

"ድምፅ አልሰማሁም። ግን ወደዚያ ስሄድ እየሸሸሁ አይደለም" አሉኝ።

ጋሼ፣ እናቴ የሞተች ሰሞን ወንበርዎን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው፣ ምንም ሳይናገሩ ሥራዎን ይሠሩ ነበር። አመሰግንዎታለሁ። ብዙ ሰው ያቆሙት በእጅዎ ነው፤ እኔን ግን ያቆሙኝ በዝምታዎ ነው። ነገ ፊት ለፊቴ ማንም አይኖርም። ደስ ብሎኛል ብል እዋሻለሁ። ትክክል አድርገዋል ብል ግን አልዋሽም።

በሉ እንግዲህ፣ ብርጭቋችንን እናንሳ። ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ መንገድዎን ያቅናልዎ፤ እዚያም ቤት ሳቅ ይመልስላችሁ። አማትዎ ከአሁኑ ወንበር አውጥተው በር ላይ መቀመጥ ጀምረዋል አሉ። እኛ ይቆዩ ብንልዎት እንኳ አይስሙን፤ እሳቸውን አያስጠብቋቸው።

ለጤናዎ፣ ጋሼ።