ጨዋ ተብላ የታለፈችው ልጅ

በ1979 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ስድስት ኪሎ ካለው ትምህርት ቤቴ አስተምሬ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ዶሮ ማነቂያ ካለች አንዲት የልብስ ስፌት ቤት ተጠለልኩ። ባለቤቱ አቶ ገብረትንሣኤ ከጎረቤታቸው ከነርስ በለጠች ጋር ይከራከሩ ነበር። የሰው ነገር መስማት ክፉ አመሌ ነውና ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

ነገሩ የአቶ ገብረትንሣኤ ሴት ልጅ የለተሚካኤል ነው። ሰዓት ጠጋኙ ዘርኡ ዓመት ሙሉ በቸርችል ጎዳና ሲሸኛት ቆይቶ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆርጦ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ኬክ ቤት ሳሉ የስኒው ኳኳታና የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲደባለቅ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ደህና ዋል እንኳ ሳትለው ወጥታ ሄደች። እሱም ንቃኛለች ብሎ ሽማግሌዎቹን አስቀረ።

«ጥጋብ ነው! ካልሆነም የያዛት ነገር አለ» አሉ አቶ ገብረትንሣኤ። «ነገ ጠበል አስገባታለሁ። ስትመለስ ለመጣው ሁሉ እድራታለሁ!»

«ጠበሉን አልነቅፍም ጋሼ» አለች በለጠች። «ግን ልጠይቅዎ። ወንድሟ እሸቴ በልጅነቱ የሰው ዓይን አላይ ሲል ምን አደረጉ?»

«ሐኪም ቤት ወሰድኩት እንጂ! ወንድ ልጅ ዓይኑን ሲሰብር ያሳፍራል። ኦቲዝም የሚሉት፣ የሰው ዓይንና ጫጫታ የሚያስጨንቀው አፈጣጠር ነው አሉኝ።»

«እሷስ አላይ ስትል?»

«ሴት አይደለች? ቀና ብላ የማታይ የጨዋ ልጅ እያለ ሰፈሩ አመሰገነኝ።»

«ለአንድ ዓይነት ነገር ልጁን ሐኪም ቤት፣ ልጅቷን ምስጋና!»

እኔም በክፍሌ ዝም የሚሉ ልጃገረዶችን ስንት ጊዜ በምሳሌነት እንደጠራሁ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«እሱ እኮ አይናገርም ነበር» አሉ አቶ ገብረትንሣኤ። «እሷ ትናገራለች፤ ትስቃለች!»

«እኛ ስንስቅ አይታ ነው የምትስቀው። መስተዋት ፊት ቆማ ሰላምታ ስትለማመድ አላዩም?»

«አይቻለሁ። የኮረዳ ነገር መስሎኝ።»

«እንዲህ ያሉ ሴቶችን ሐኪሞችም ያልፏቸዋል። ኦቲዝም በወንድ ይበዛል ይባላል፤ ሴቶቹ ግን ሌላውን እየመሰሉ ስለሚደበቁ በደንብ የቆጠራቸው የለም። እኔ አልፈርድም፤ የሚያውቅ ሐኪም ይያት። ለዘርኡም እውነቱ ይነገረው።»

«ስሟን ላጥፋ? ማን ያገባታል?»

«ደብቀው ቢድሯት ባሏ ዕለት በዕለት ናቀችኝ እያለ ይኖራል፤ እሷም ዕድሜ ልኳን ሌላ ሰው መስላ ትኖራለች። እኔን የሚያሳዝነኝ ይኸ ነው። እሷንስ ጠይቀዋታል?»

«ሴት ልጅ ባል ትፈልጊያለሽ ተብላ ትጠየቃለች?»

«ትጠየቅ ጋሼ።»

አቶ ገብረትንሣኤ ከሱቁ መጋረጃ ኋላ ቁልፍ የምትተክለውን ልጃቸውን ጠሩ። «ለተሚካኤል፣ ዘርኡን ትፈልጊዋለሽ?»

ዓይኗን ከያዘችው ኮት ላይ አላነሳችም። «አዎ አባባ። እሑድ የሸሸሁት ጫጫታውን ነው። እሱን ትቼው መምጣቴ የገባኝ ቤት ስደርስ ነው። ደብዳቤ ጽፌለት ነበር፤ ይቆጣሉ ብዬ አልላክኩትም።»

በአገራችን የሴት አባት ሽማግሌ ይጠብቃል እንጂ ወደ ወንድ ቤት አይሄድም። አቶ ገብረትንሣኤ ግን ደብዳቤውን ተቀብለው ኮታቸውን ደረቡና ዝናቡ ሳያባራ ወደ ሰዓት ቤቱ ወጡ።

በኋላ ያያት ሐኪምም የበለጠችን ግምት አጸና። ለዘርኡም እውነቱ ተነገረው፤ ጫጫታው እንዳይከብዳት በጥር ያለ ከበሮ ተጋቡ፤ ሰፈሩ «ሠርግ ነው ለቅሶ?» ብሎ አማ። ዘርኡ ዛሬ ዝምታዋን ንቀት አይለውም፤ እሷም የደከማት ዕለት ደከመኝ ትላለች፤ ጎረቤትም ሴቶች ልጆቹን ለሐኪም ማሳየት ጀምሯል። አቶ ገብረትንሣኤ ደግሞ ልጄ ጨዋ ናት፣ ቀና ብላ አታይም የሚል አባት ሲመጣባቸው የልብስ ልኬታቸውን ያቆማሉ።

«ጠይቀሃታል?» ይሉታል። «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሳልጠይቃት ኖርኩ።»